ስንጥር

«ጠርጥር» ይላል ያገሬ ሰው፣ «ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር»፤
እኔ ግን ቴአትር ክበብ እስክገባ ድረስ
ጥርጣሬ እንዴት እንደሚቀመጥ አላውቅም ነበር።

መምህርት ዘምዘም አሳየችኝ፣ አንድ ሐሙስ፣ ልምምድ ላይ፤
ጦሳ ጭጋጉን ለቆብን፣ ከመስኮቱ ማዶ ስናይ
ሸዋ በር የለ፣ ፒያሳ የለ፤ ባጃጅ ይሰማል እንጂ አይታይ።

«አትጩህ» አለችኝ፣ «የሚጠረጥር ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤
የወንድሙን ጉርሻ ይቀበላል፣
እያኘከ ግን ይቆጥራል።»

የምጫወተው ጎንጤን ነው፤ የጎተራው ቁልፍ ጠፍቶበት
ታናሽ ወንድሙን የሚያባርር፣ በክረምት፣ በውድቅት።
ትዕይንት ሦስት ላይ ቁልፉ ይገኛል
ከገዛ ካፖርቱ ገበር፣ ኪሱ ተቀዶ ሾልኮበት።

ሳቅሁ። «መጀመሪያ ኪሱን አይፈትሽም እንዴ?» አልኩ።
መምህርት ዘምዘም ዝም አለች።
እኔም ወደ ቧንቧ ውሃ፣ በጭጋጉ ውስጥ ተመለስኩ።

ማታ ሌላ ነኝ። ይመር መባሌ ይቀርና በስልኬ
«ጉም ሰባት» ነኝ፤ ብርድ ልብስ ለብሼ፣
ቻርጀሬ አጥሮኝ፣ ሶኬቱ ሥር ተንበርክኬ።

አሥር ሆነን ባቡር እንነዳለን፣ ማለቂያ በሌለው በረሃ፤
አንዱ ከሰል ያቀብላል፣ አንዱ ይጨምራል ውሃ፣
ከመሃላችን አንዱ ግን ፍሬን ይፈታል በድብቅ፤
ደወል ሲደወል ተሰብስበን፣ ተወነጃጅለን፣
ድምፅ የበዛበትን ከባቡር እንወረውራለን፣ ደግመን ሳንጠይቅ።

ጓደኛዬ እዚያ ነው። ስሙ «ቆሎ በኪሴ»።
መልኩን አላየሁም፤ የማውቀው ሳሉን ነው፣
ሲያሸንፍ «ኧረግ!» ማለቱን፣
ከኋላው የምትጮህ አንዲት ፍየል።
ኬሚስትሪ አልገባ ሲለኝ በባቡሩ ከሰል አስረዳኝ፤
ለፈተና ስንቀጠቀጥ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ «አብሽር» ብሎ ጻፈልኝ።
አንዴ «ከሐይቅ ነኝ» አለኝ፤ ሌላ ጊዜ «ከመርሳ»፤
ሳቅሁና አለፍኩት፤
ውስጤ ያለው መዝጋቢ ግን አልረሳ።

አንድ ማክሰኞ ደወል ተደወለ፤ ፍሬኑ ተፈቷል።
ዘጠኛችን ተንጫጫን። ቆሎ በኪሴ ዝም ብሏል።
«ዝም ያለው ነው» አለ አንዱ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ጻፈ ሌላው።
እኔም አልጮህኩም። ድምፄን ዝቅ አደረግሁ፣ ልክ እንደተማርኩት፤
«ሐይቅም ብሎኛል፣ መርሳም ብሎኛል» አልኩና
በአውራ ጣቴ ወረወርኩት።

አሸዋው ላይ ሲወድቅ ትንሽ ጽሑፍ ወጣ፦
ንጹሕ ነበር።

ጎንጤ እንኳ ቁልፍ ጠፍቶበት ነው፤ ጎተራ ነበረው፣ እህል ነበረው፤
እኔን የሁለት ከተማ ስም በቃኝ።

ዘጠኝ ቀን አልመጣም። ዘጠኙን ቀን
ከጎንጤ ጋር ምሳ በላሁ፣ ከጎንጤ ጋር ታክሲ ተጋፋሁ፤
ቃለ ተውኔቱን ሳጠና ከቃሉ ይልቅ ዝምታው ከበደኝ።
በአሥረኛው መጣ፦ «ወላሂ ትራንስፎርመር ፈንድቶ ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ጨለማ፤
ደግሞ አባቴ ሐይቅ፣ እናቴ መርሳ፣ እኔ መንገድ ላይ ነኝ፤ አልነገርኩህማ?
ለመሆኑ ማነው የወረወረኝ?»
«እንጃ» አልኩት።
እንጃ! ይህችን ቃል ማን ጻፈልኝ?

ቅዳሜ መጋረጃው ተከፈተ። እናቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናት።
ትዕይንት አንድ ላይ፣ ወንድሜን ገና ሳልጠረጥረው፣
እጄ በራሷ ጊዜ ካፖርቱ ገበር ውስጥ ገባች፤
ቁልፉ መድረኩ ላይ ወደቀ። ቅጭል አለ።
ሕዝቡ ሳቀ። ታናሼን ሆኖ የሚጫወተው ሙሄ አፉን ከፍቶ አየኝ፤
የማባርረው ሰው የለ፣ ክረምት የለ፣ ቴአትር የለ።
መምህርት ዘምዘም ከመጋረጃው ጀርባ ፊቷን በወረቀቱ ሸፈነች፤
እየሳቀች ይሁን እየተቆጣች
እስካሁን እጠረጥራለሁ።

ማታ ጻፍኩለት፦ «እኔ ነበርኩ።» ላክሁት።
ጭጋጉ ወርዷል፤ ኔትወርክ የለም፤
ያቺ ትንሽ ክብ ስክሪኑ ላይ ትዞራለች፣ ትዞራለች፤
ቻርጀሬ አጭር ነው፤
ተንበርክኬ እጠብቃለሁ።